የእትዬ ታይፕ ሃርድ ዲስክ

እትዬ ታይፕ ምንም ነገር አትሰርዝም።

ክፍሏ ከኮሌጁ በር ፊት ለፊት፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በሩ ላይ ቆሞ ተራ ይጠብቃል። እዚያች ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ስትተይብ፣ ስታርምና ስታትም ኖራለች። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት ፋይል አጥፍታ አታውቅም። ለምን ሲሏት "ጀርባዬ ላይ አልተጫነ፤ ይቀመጣ!" ትላለች።

ፋይሎቹን በባለቤቶቹ ስም አታስቀምጥም። ስም ይመሳሰላል፣ ስም ይረሳል። እሷ የምታስቀምጠው ሰውየው መጀመሪያ የመጣ ቀን ባየችበት ነገር ነው። "ቀይ ሹራብ"፣ "የምታስነጥሰው"፣ "ሁለት ቦርሳ"፣ "እናቱ ሦስት ጊዜ የደወሉለት"። ከዚያ ሥር ደግሞ የጽሑፉ ዕድሜ ይደረደራል፦ "የመጨረሻ"፣ "የእውነት የመጨረሻ"፣ "አማካሪው መለሰው"፣ "እንደገና መለሰው"፣ "ወይኔ"።

እኔ "ጃንጥላ" ነኝ። ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት፣ ዝናባማ ቀን የመመረቂያ ጽሑፌን በእጄ የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ መጣሁና ጃንጥላዬን ረስቼባት ሄድኩ። ጽሑፉን ለመውሰድ ስመለስ ዝናቡ አቁሞ ነበር፤ ጃንጥላውም ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ዛሬ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ሁለት መጻሕፍት አሳትሜ፣ መንገድ ላይ ስታገኘኝ አሁንም "ጃንጥላ!" ብላ ነው የምትጠራኝ። ሰዎች ዘወር ብለው ያዩናል።

አንድ አርብ ጠዋት ወደ እሷ የሄድኩት ለራሴ ጉዳይ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን የመጀመሪያ ረቂቅ ፈልጌ ነበር። በዚያ ረቂቅ የምስጋና ገጽ ላይ ለአንድ ጓደኛዬ ሙሉ አንቀጽ ጽፌለት ነበር፤ አማካሪዬ "ይህ ደብዳቤ ነው ወይስ ምስጋና?" ብለው አስወጡብኝ። ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ሞተ። ምን ብዬለት እንደነበር ማስታወስ አቃተኝ። እትዬ ታይፕ ዘንድ ግን ይኖራል ብዬ፣ የሌላ ሰው መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጥኩትን ነገር እንደማወጣ ሁሉ ልቤ ረግቶ ሄድኩ።

ክፍሏ በር ላይ ስደርስ ጫማዋን እያጠለቀች ነበር።

"ጃንጥላ! እግርህ ይባረክ። ኬብል ልገዛ እየወጣሁ ነው፤ ጉዳይህን እየሄድን ትነግረኛለህ።"

ግራጫው ኮምፒውተሯ ከጠረጴዛው ሥር እንደተከፈተ ነው። የታመመ ሰው እንደሚያቃስት ሁሉ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ ይላል።

"ምን ሆኖ ነው?"

"እርጅና ነዋ። እኔስ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ጠቅ ይል የለ? ዛሬ ጠዋት ለመነሳት ግማሽ ሰዓት ፈጀበት። ግን አልፈራም" አለችና አንገቷ ላይ ከቁልፎቿ ጋር ያንጠለጠለቻትን ትንሽ ፍላሽ መታ መታ አደረገቻት። "አርብ በመጣ ቁጥር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ያለኝን ሁሉ እዚህ እገለብጣለሁ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ። ደግሞ ፍጥነቷ! ዓይኔን ሳልጠቅስ ጨርሳለች።"

ደረጃውን ስንወርድ የድሮ ጽሑፌን ፈልጌ እንደመጣሁ ነገርኳት፤ እሷም የቸኮለችበትን ምክንያት ነገረችኝ። አባቷ በአንድ ትምህርት ቤት አርባ አንድ ዓመት አስተምረዋል፤ ከተማው ሁሉ "መምህር" ይላቸዋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ መጽሐፍ ማስጻፍ ጀመሩ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ዓመት፣ አንድ ክፍል ይመርጡና በሐሳባቸው በሩን ከፍተው ይገባሉ። ከዚያ ወንበር በወንበር ይሄዳሉ። "ሁለተኛ ረድፍ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛ። ጻፊ። ይህ ልጅ ግራኝ ነበር፤ ቀለም እጅጌው ላይ አይጠፋም።" እንዲህ እያሉ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አስጽፈዋል። ማስታወሻ ብሎ ነገር የለም፤ ሁሉም ከራሳቸው የወጣ ነው።

"ታዲያ ከሁለት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምሯል" አለችኝ መንገድ እያቋረጥን። "ምሳ በልቶ 'ምሳ አልደረሰም?' ይላል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ነኝ የማነብለት። 'እነዚህን ሁሉ ልጆች ያስተማረው ማነው?' ይለኛል አንዳንዴ። 'አንተ ነህ አባዬ' ስለው እንዴት ደስ እንደሚለው ብታይ! ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ለዚህ ሥራማ የአንገት ፍላሽ አይመጥንም ብዬ፣ ይኸው ትልቅ ዕቃ ገዛሁለት።"

ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። የክብሪት ሳጥን የምታክል፣ የምታብረቀርቅ ሰማያዊ ሃርድ ዲስክ ናት። ላይዋ ላይ በትልቁ አሥራ ስድስት ቴራ ይላል። ኬብሏ ግን ልል ሆኖ አልያዝ ብሏታል።

ወደ ሰዓት ሠሪው ሱቅ ገባን። ሰውየው ሰዓት መሥራት ካቆመ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። አሁን የሚሸጠው ቻርጀር፣ ኬብልና ሃርድ ዲስክ ነው። ይሁንና የጥንቷን የዓይን መነጽሩን ዛሬም ግንባሩ ላይ እንደሰቀላት ነው የሚውለው።

"ጋሼ፣ ለዚህች የሚሆን ኬብል ስጠኝ" አለችው፤ ሰማያዊዋን ባንኮኒው ላይ በኩራት እያስቀመጠች።

ሰዓት ሠሪው ወዲያው አልነካትም። ትንሽ አያትና መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ላይ አንጠር አንጠር አደረጋት።

"ማነው የሸጠልሽ?"

"ድልድዩ ላይ ዘርግቶ የሚሸጠው ሰውዬ።"

"አሥራ ስድስት ቴራ ነው ብሎ?"

"ተጽፎበት የለ እንዴ!"

"በዚህ መጠን፣ በዚህ ዋጋ፣ አሥራ ስድስት ቴራ የሚሸጥ ሰው ከተገኘ እኔ ሱቄን ዘግቼ ሻንጣውን ተሸክሜ እከተለዋለሁ። ልክፈታት?"

"ክፈታት፤ ምን አስፈራኝ።"

መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደ፤ ቀጭን መፍቻ አነሳ። ሁለት ጊዜ ጠምዘዝ፣ አንዴ ፈልቀቅ አደረገና ዕቃውን ወደ እኛ አዞረው። ውስጡ ጥፍር የምታክል የስልክ ሚሞሪ ካርድ በሙጫ ተለጥፋለች። አጠገቧ፣ ዕቃው ክብደት እንዲኖረው፣ ሁለት ብሎኖች ተጣብቀዋል።

እትዬ ታይፕ ብሎኖቹን አየቻቸው፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ባንኮኒውን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

"ሃያ ስድስት ዓመት የሰው ስሕተት ሳርም ኖሬ ብሎን ገዛሁ! አባዬ ይህን ቢሰማ በእኔ ላይ አንድ ምዕራፍ ይጨምርበታል።"

"የምታስቀው ይችኛዋ ናት" አለ ሰዓት ሠሪው። "የማታስቀው ሌላ ናት። ይህ ዕቃ እምቢ አይልም። የሰጠሽውን ሁሉ 'ገብቷል' እያለ ይቀበልሻል፤ ሲሞላ በፊተኛው ላይ ይጽፍበታል። መጥፋቱን የምታውቂው ልትከፍቺው ስትሞክሪ ነው። የጫንሽበት ነገር አለ?"

"የለም። ቢኖርም አልሞትም፤ ዋናው እዚህ ነው።" ፍላሿን ከአንገቷ አወለቀች። "እስቲ ሰካትና እያት። ሥርዓት ያለው ሰው እንዴት እንደሚያስቀምጥ ተማር።"

ሰዓት ሠሪው ፈገግ ብሎ ፍላሿን የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሰካት። ሃያ ሰባት ፎልደሮች ተደርድረው ብቅ አሉ፦ ሃያ ስድስቱ በየዓመታቸው፣ ሃያ ሰባተኛው "አባዬ" የሚል። እትዬ ታይፕ አገጯን ቀና አደረገች። ሰውየው "አባዬ" የሚለውን ነካ ነካ አደረገው።

አልተከፈተም። "የተጠቀሰው ቦታ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ መጣ።

"እንደገና ንካው።"

ነካው። ያው ነው። ሌላውን ሞከረ፣ ሦስተኛውን ሞከረ።

"ያንተ ኮምፒውተር ነው የታመመው። እኔ ቤት ሁልጊዜ ይከፈታል። ባለፈው ሳምንት ራሱ ከፍቼዋለሁ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ!"

ሰዓት ሠሪው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። "ይህች ጥጓ ላይ ያለችው ትንሽ ቀስት ይታይሻል?"

"አዎ። 'ተልኳል' ማለት ናት።"

"ማን ነገረሽ?"

ማንም አልነገራትም፤ ቀስት ሲሆን ጊዜ እንዲያ መስሏት ነው።

"የኔ እህት" አለ ሰዓት ሠሪው፣ ለሕመምተኛ እንደሚነገር ቀስ ብሎ፤ "ይህ ፎልደሩ አይደለም። ፎልደሩ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት ነው። ቤትሽ ሆነሽ ስትነኪው ፎልደሩ እዚያው ኮምፒውተርሽ ሆድ ውስጥ ስላለ ይከፈትልሻል። ከቤትሽ ሲወጣ ግን የሚጠቁመው ነገር የለም። አሥራ አንድ ዓመት ይዘሽው የዞርሽው የቤቱን ቁጥር ነው እንጂ ቤቱን አይደለም። ይኸው እይ፤ ሃያ ሰባቱም ተደምረው አንዲት ፎቶ እንኳ አያክሉም።"

አሥራ አንድ ዓመት መገልበጡ ዓይኗን ሳትጠቅስ ለምን ያልቅ እንደነበር ያኔ ነው የገባን። እትዬ ታይፕ ፍላሿን ነቅላ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻትና አየቻት። ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

"እንግዲያው የአባዬ መጽሐፍ ያለው…"

"እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ደህና ነው አይደል ኮምፒውተሩ?"

"ጠቅ ጠቅ ይላል" አልኩ እኔ።

የሰዓት ሠሪው እጅ ባለበት ቆመ። "እንዴት ነው የሚለው? እንደሚለው አድርጊና አሰሚኝ።"

እትዬ ታይፕ በምላሷ ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ አደረገችለት። የጆሮ ሰው ናት፤ ልኩን አልሳተችም። ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የከተማውን ሰዓት ሁሉ ያዳመጠ ሰው ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ሳምንት።"

"አሁን ጠፍቷል ወይስ ክፍት ነው?"

"ክፍት ነው።"

"እንዳታጠፊው! አንዴ ከጠፋ ላይነሳ ይችላል። እየሠራ ሳለ ነው መገልበጥ ያለበት። ዛሬ፣ አሁን።"

ያኔ ነው እትዬ ታይፕ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያየችው። ስድስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል።

"ዛሬ አርብ ነው!" ብላ ጮኸች።

እኔም ገባኝ። እሷ ያለችበት ሕንፃ ከጥቂት ዓመታት በፊት ተከራይ ካውያ ሰክቶ ረስቶ ምሳ በመሄዱ እሳት ተነስቶበት ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለቤቱ ሕግ አወጡ፦ አርብ አርብ፣ በረጅሙ የምሳ ሰዓት፣ ልክ ስድስት ተኩል ላይ ጥበቃው ቆጣሪውን ይዘጋዋል። ጥበቃው ደግሞ ሰዓት የማያዛንፍ ሰው ነው።

"ደውይለት።"

ደወለች። አያነሳም። "ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቶ ግቢ ሲጠርግ ነው" አለች። "ጋሼ፣ ሃርድ ዲስክ ስጠኝ። ትልቁን ስጠኝ!"

"ትልቅ ምን ያደርግልሻል? ያለሽ ስንት ነው?"

"ሃያ ስድስት ዓመት ነው ያለኝ!"

"በጊጋ ነው የጠየቅሁሽ። ከጽሑፍ ሌላ ምን አለ? ቪዲዮ? ፎቶ?"

"የአባዬ የክፍል ፎቶዎች አሉ፤ አርባ አንድ። ሌላው ሁሉ ጽሑፍ ነው።"

"እንግዲያው ትንሹም ይበዛብሻል። ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም። ሃያ ስድስት ዓመትሽ ሁሉ የዚህን አንድ ጥግ አይሞላም።"

በዚያ ጭንቅ መሀል እንኳ ተቆጣች። "አንድ ጥግ አይሞላም? ወገቤ የተቆረጠበት ሁሉ?"

"እኔ ምን ላድርግ፤ ወገብሽን በጊጋ አልለካው!" አለና ሁለት ዕቃ ባንኮኒው ላይ አኖረላት። አንዱ ጥቁር፣ መዳፍ የሚሞላ፣ ወፈር ያለ። ሁለተኛው ቀጭን፣ ጥግና ጥጉ ጎማ የለበሰ። "ፍጠኚና ስሚኝ። ጥቁሩ ሁለት ቴራ ነው፣ ዋጋው ደህና ነው። ውስጡ የሚዞር ሳህን አለው። ቀጭኑ አንድ ቴራ ነው፣ ዋጋው የዚያ እጥፍ ነው፤ ውስጡ ግን ምንም የሚዞር ነገር የለውም።"

"ጠረጴዛዬ አንድ እግሩ አጭር ነው። አታሚው ሲሠራ ሁሉ ነገር ይንቀጠቀጣል፤ ብዕር እንኳ አይቀመጥበትም። ቢወድቅ የትኛው ይተርፋል?"

"ቀጭኑ።"

"ሲሠራ የማይጮኸውስ?"

"ቀጭኑ። ዕድሜ ልክሽን ብትሰሚው ጠቅ አይልም።" ቆም አለና ጥቁሩን በጣቱ ዳበስ አደረገው። "እኔ ራሴ የሚዞር ነገር እወዳለሁ፤ እንጀራዬ ነበር። ላንቺ ግን የማይዞረውን ውሰጂ።"

"ስጠኝ።" ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከዚያ እጇ ቆመ። ቀጭኑን አንስታ መዳፏ ላይ አንጠር አደረገችው፣ እሱ ቅድም እንዳደረገው። "ብሎን የለበትም?"

ሰዓት ሠሪው ከሱቁ ኮምፒውተር ላይ አንድ ትልቅ ቪዲዮ መርጦ ጫነበት፣ ነቀለው፣ እንደገና ሰካው፣ ከፈተው፤ ቪዲዮው ተጫወተ። "አየሽ? ከእንግዲህ የገዛሽውን ሁሉ እንዲህ ነው የምትፈትኚው። ጫኚ፣ ንቀዪ፣ ክፈቺ።" ሒሳቡን ተቀበለና መጋረጃውን መዝጋት ጀመረ።

"ወዴት ነህ አንተ?"

"አብሬሽ ነዋ! ያን ድምፅ ሰምቼ እዚህ ልቀመጥ?"

ሦስታችን መንገዱን ስንሮጥ ያየን ሰው ሌባ የምናባርር ይመስለዋል። ከፊት እትዬ ታይፕ፣ ሃርድ ዲስኩን ጡቷ ሥር አቅፋ፤ ከኋላዋ መነጽር ግንባሩ ላይ የሚዘል ሽማግሌ፤ ከሁሉ ኋላ እኔ፣ ስንት ዓመት ሮጬ የማላውቀው። ትንፋሼ እያጠረ ሳለ አንድ የሚገርም ነገር ተሰማኝ፤ ደስ አለኝ። ፈተና ሊያመልጠን ኮሌጁ በር ድረስ ከጓደኛዬ ጋር የሮጥንበት ጠዋት መጣብኝ። ያው መንገድ ነው፤ አስፋልቱ ብቻ ተለውጧል።

ሕንፃው በር ስንደርስ ስድስት ሰዓት ከአሥራ አምስት ነበር። ጥበቃው ግን ያን ቀን ቀድሞ ምሳው አምሮት ይሁን ሌላ፣ የቆጣሪው ሳጥን ተከፍቶ እጁ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አርፏል።

"እጅህን!" ብላ እትዬ ታይፕ ጮኸች።

ጥበቃው ዘወር ሳይል ሁለቱንም እጆቹን ወደ ላይ አነሳ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ገና አላጠፋህም፤ እንዳታጠፋ! የአባቴ መጽሐፍ ላይ ነህ!"

"የመምህር?" አለና እጁን ዝቅ አደረገ። "አምስተኛ ክፍል አስተምረውኛል። ታዲያ እንደዚያ አትይም? ባለቤቱ ራሳቸው ቢመጡ አልዘጋም።" ሳጥኑን ዘግቶ በጀርባው ተደገፈው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣነው አላውቅም። ኮምፒውተሩ እንዳለ ነው፤ ጠቅታው ግን ተቀራርቧል። ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛው ሥር ተንበረከከ፣ ሰካ፣ ተነሳ።

"ማንን እናስቀድም? ሁሉም ላይደርስ ይችላል።"

"የአባዬን።"

ምልክቱን አይደለም፣ ፎልደሩን ራሱን ፈልጎ አገኘና ወደ አዲሱ ሃርድ ዲስክ ጎተተው። አረንጓዴ መስመር መጣች። አሥር ከመቶ። ሃያ። ፎቶዎቹ በየተራ ያልፋሉ። ስድሳ አንድ ላይ ቆመች።

ኮምፒውተሩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለ። መስመሯ አልተንቀሳቀሰችም። ሥሯ የሚገለበጠው ፋይል ስም ተጽፏል፦ "አባዬ መጽሐፍ የእውነት የመጨረሻ"።

በዚያ መሀል የእትዬ ታይፕ ስልክ ጮኸ። አባቷ ናቸው። አነሳችው፤ ድምፃቸው ለሁላችንም ይሰማል።

"ሰኞ ነው ያልሽኝ ወይስ ማክሰኞ?"

"ሰኞ ነው አባዬ።"

"ምንድን ነው የሚንኳኳው? ሰው መጣብሽ?"

"አዎ አባዬ። አንዴ ብቻ ጠብቀኝ።"

"ማን እንደመጣ ሳትነግሪኝ…"

አረንጓዴዋ መስመር ዘለለች! ስድሳ አንድ የነበረችው ሰማንያ ሆነች፣ ዘጠና ሦስት ሆነች፣ አለቀች። ሰዓት ሠሪው በጡጫው ጠረጴዛውን መታ፤ እግሩ አጭር የሆነው ጠረጴዛ ተንጋደደ፤ ሃርድ ዲስኩ ኬብሉን ይዞ መሬት ወደቀ። ሦስታችንም አጎንብሰን አየነው። ትንሿ መብራት እንደበራች ናት።

"ለዚህ ነው የማይዞረውን ውሰጂ ያልኩሽ" አለ ሰዓት ሠሪው፣ ፊቱ አመድ መስሎ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ታይፕ ራሷ ወንበሩን ያዘች። ሁለተኛ ያስገባችው ገና ያልተመረቁትን ነው። "እነዚህ ልጆች ሌላ ቅጂ የላቸውም" አለች። ከዚያ ያለፈው ዓመት፣ ከዚያ የፊተኛው፣ እያለች ወደ ኋላ ሄደች። ዓመት ባለፈ ቁጥር ጥቂት ስሞችን ድምፅ አውጥታ ታነባለች። "የምታስነጥሰው ገባች! ሁለት ቦርሳ ገባ! ጎሽ!" እኛም ውድድር እንደሚያይ ሰው እናጨበጭባለን። አንዴ ዘወር ብላ፣ "አንተ ሦስተኛው ዓመት ላይ ነህ፤ ላስቀድምህ?" አለችኝ።

ያ የምስጋና ገጽ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ግን የሷ እጅ እየሮጠ ነበር፤ ተራውም የሌሎቹ ነበር።

"በተራዬ ይደርሰኛል" አልኳት።

አምስተኛውን ዓመት እንደጨረሰች ጠቅታው አቆመ። ስክሪኑ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ጥቁር ሆነ። ሰዓት ሠሪው ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሞከረው፤ ጆሮውንም ወደ ሳጥኑ አስጠጋ።

"አረፈ" አለ።

ሃያ ሁለት ዓመት ተርፏል፤ የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ቀርተዋል። እትዬ ታይፕ እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ተነስታ ከፋይል ሳጥኖቹ በስተጀርባ እጇን ሰደደች፤ አንድ ጥቁር፣ አቧራ የጠገበ ረጅም ነገር አወጣች።

"ጽሑፍህ ሄዷል፤ ይቅር በለኝ። ይህ ግን አለ።"

ጃንጥላዬ ነበር። እጀታው ላይ እኔ የረሳሁት ስንጥቅ አለ፤ ስንጥቁን በክር የጠቀለለው ያ ጓደኛዬ ነው። ክሩ አልተፈታም። ከፈትኩት። "ቤት ውስጥ!" ብለው ሁለቱም በአንድ ድምፅ ጮኹብኝ።

"ገና አልጨረስንም" አለች እትዬ ታይፕ። ሃርድ ዲስኩን ነቅላ ይዛው ነበር። "ከእንግዲህ ሳልከፍት የማምነው ነገር የለም።"

ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ወረድን። ባለሱቁን አስነስታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ስልኳ አልተዘጋም ነበር፤ መምህር እስካሁን መስመር ላይ ሆነው "ሄሎ፣ ሄሎ" ይላሉ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሰካች። "አባዬ" የሚለውን ፎልደር አየች። ጥጉ ላይ ቀስት የለም። ነካችው።

ተከፈተ። ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ።

መደብሩ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮን ጮኸ።

"ምንድን ነው?" አሉ መምህር ከስልኩ። "ማነው የሚጮኸው?"

"መጽሐፍህ ነው አባዬ!"

ሰዓት ሠሪው አንገቱን አቀርቅሮ ጠጋ አለ። "እኔስ አለሁበት?" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"መች ነው የተማርከው?"

ነገራት። ገጹን አገኘችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። "ሰባተኛ ክፍል 'ለ'። አራተኛ ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ። ይህ ልጅ የክፍሉን የግድግዳ ሰዓት በእረፍት ሰዓት ፈታው። መልሶ ሲገጥመው ከሰዓቱ ጥርሳም ጎማዎች አንድ ጥርስ ተረፈው። አልመታሁትም፤ ሰዓቱ ከዚያ ወዲህ ዘግይቶ አያውቅምና።"

እትዬ ታይፕ አንገቷን ወደ ስልኩ ዘንበል አድርጋ ጠበቀች። "ያስተማረው ማነው?" እስኪሏት የምትጠብቅ መሰለኝ።

"አንድ አይደለም" አሉ መምህር።

"ምኑ አባዬ?"

"የተረፈው ጥርስ። ሁለት ነበር። አንዱን ኪሱ ሲከት አይቼዋለሁ።"

ሰዓት ሠሪው መነጽሩን ከግንባሩ አወለቀና በእጁ ያዘው። "እውነታቸውን ነው" አለ። "ሁለት ነበር።"

"ምን ትጠብቂያለሽ? አርሚው እንጂ!" አሉ መምህር፣ እንደ ድሮው እየተቆጡ።

እትዬ ታይፕ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። "አንድ" የሚለውን አጠፋች፤ ሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የሰረዘችው የመጀመሪያው ነገር እንዳይሆን ብዬ ሳቅሁ። "ሁለት" ብላ ጻፈች። ነቀለች፣ ሰካች፣ ከፈተች። ሁለት ይላል።

ከዚያ ወደ ሰዓት ሠሪው ዞረች።

"ጋሼ፣ ያንን ጥቁሩንም አምጣልኝ። የሚዞረውን። ሁለተኛ ቅጂ ጭኜበት አባዬ ቤት አስቀምጠዋለሁ።"